ለአማቴ ጥብስ ቅመም ፍለጋ

ሥጋ መጥበስ ቀላል ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወይ ጠብሶ አያውቅም፣ ወይ አማት የለውም። እኔ አማትም ነበረኝ፣ ጠብሼም አይቻለሁ፤ ስለዚህ ብናገር ያምርብኛል።

ያን ጊዜ አምቦ ውስጥ ድሬሰር ነበርኩ። ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ገጠር ሲወጣ «ዶክተር» ተብሎ ጠቦት የሚታረድለት፣ ከተማ ሲመለስ ደግሞ «አንተ፣ እስቲ ያንን ባልዲ አቀብለኝ» የሚባል ሰው ነው። ትውልዴ ደብረ ብርሃን ነው። አምቦ የመጣሁት ተመድቤ ነው፤ የቀረሁት ግን በጫልቱ ነው። ጫልቱ የጌዶ ልጅ ናት። አባቷ ኦቦ ደበላ የታወቁ የከብት ነጋዴ ናቸው። በሬን ከሩቅ አይተው፣ አፉን ከፍተው ጥርሱን ሳያዩ፣ ዕድሜውንና ጠባዩን ይናገራሉ። እኔም ሽማግሌ ልኬ በቀረብኩ ጊዜ እንደዚያው ከሩቅ አዩኝና «መርፌ ከመውጋት ሌላ ምን ያውቃል?» አሉ አሉ።

ልጃቸውን ግን ሰጡኝ። የሰጡኝም ጫልቱ «ከሱ ሌላ አላገባም» ብላ አሻፈረኝ ስላለች ነው እንጂ ወድደውኝ አልነበረም። ከሠርጉ በኋላ ቤታችንን ረግጠውት አያውቁም። በየበዓሉ ቅቤና ማር ለልጃቸው ይልካሉ፤ ለእኔ ሰላምታ ይልካሉ። ሰላምታው እንኳ አንዳንዴ መንገድ ላይ ይጠፋል።

እንግዲህ ጫልቱ የመጀመሪያ ልጃችንን የምትወልድበት ጊዜ ሲቃረብ እንደ ወጉ እናቷ ዘንድ ጌዶ ሄደች። እኔም ብቻዬን ዳቦ በሻይ እየማግሁ ስቆዝም፣ ከጌዶ የመጣ አንድ ሰው «ኦቦ ደበላ ቅዳሜ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ አምቦ አላቸው። ስብሰባው ሲያበቃ አንተ ቤት እራት እበላለሁ ብለዋል» የሚል መልእክት አደረሰኝ። ባለቤቴ የለችም፤ ያለሁት እኔና አንድ ድስት ነን።

አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ እትዬ ፅጌ ይህን ስትሰማ እጅጌዋን ሰበሰበች። «ዶሮ እሠራልሃለሁ፤ አንተ ብቻ ከመንገዴ ዞር በል» አለችኝ። እዚህ ላይ እሺ ብል ኖሮ ይህ ወግ ባልተወራ ነበር። እኔ ግን ስለ ኦቦ ደበላ የማውቀው ነገር ነበር። ኦቦ ደበላ በዓለም ላይ የሚወዱት ምግብ በፍም ላይ የተጠበሰ ጎድን ነው። እሱንም ራሳቸው ካልጠበሱት በቀር አያምኑም፤ ጌዶ ውስጥ እሳታቸው አጠገብ የሚደርስ የለም። በእጄ ጠብሼ ባበላቸው፣ መርፌ ከመውጋት ሌላም እንደማውቅ ይገባቸዋል ብዬ አሰብኩ።

«እኔ ራሴ ጎድን እጠብሳለሁ» አልኳት።

«ቅመሙንስ?»

«ከሱቅ እገዛለሁ።»

እትዬ ፅጌ ከሱቅ እናት እገዛለሁ ያልኳት ይመስል ትክ ብላ አየችኝ። «የሱቅ ቅመም! ለአማት!» ብላ አማተበችና ወደ ቤቷ ገባች።

እውነቱን ለመናገር በእነዚያ ዓመታት የሱቅ ቅመም የሚገዛ ወይ ወንደላጤ ነው፣ ወይ ሚስቱ የተጣላችው ነው። የቀበሌው ሱቅ ሳሙናና ስኳር በራሽን ይሸጣል እንጂ ቅመም አያውቅም። ገበያው ዳር ያሉት የግል ሱቆች ግን፣ አቤት! ጣሳው ተደርድሮ፣ ቀዩ ከቡናማው፣ ቡናማው ከጥቁሩ ጎን ቆሞ፣ በሩ ላይ ገና ስትደርሱ አፍንጫችሁ ቀድሟችሁ ይገባል። ቅዳሜ ጠዋት ሥጋዬን ከሥጋ ቤት አስመትሬ፣ አስጠቅልዬ፣ ቤት አስቀምጬ ወደዚያው ገሠገሥኩ።

መጀመሪያ የገባሁት ሐጂ ሸረፋ ዘንድ ነው። ሐጂ ሸረፋ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ነጭ ቆብ ያደርጋሉ፤ የጣሳ ክዳን ሲከፍቱ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃባቸው የሚጠነቀቁ ነው የሚመስሉት።

«ምን ልስጥህ ዶክተር?»

«ለጥብስ የሚሆን ቅመም ነበር።»

«የሚበላው ማን ነው?»

«አማቴ ናቸው።»

«ወንድ ናቸው ሴት?»

«ወንድ።»

«የየት አገር ሰው?»

«የጌዶ።»

ሐጂ በርጩማ ሳቡልኝና «ተቀመጥ እስቲ» አሉኝ። ጉዳዩ ከባድ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ጣሳ አወረዱና በማንኪያ ጫፍ ቀይ ሚጥሚጣ እጄ ጀርባ ላይ አደረጉልኝ። ላስኩት። ምንም የለም። ትንሽ የኮረሪማ ሽታ፣ ትንሽ የጨው ጣዕም፣ አለቀ።

«አያቃጥልም እኮ ሐጂ» አልኩ፣ ጀግና ነኝና።

«ታገሥ» አሉኝ። «ቶሎ የሚያቃጥል ሚጥሚጣ እንግዳ ነው፣ መጥቶ ይሄዳል። ቆይቶ የሚያቃጥል ግን ዘመድ ነው።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ዘመዱ ደረሰ። ጓዙን ጠቅልሎ፣ ልጆቹን አስከትሎ፣ ምላሴ ላይ ሰፈረ። ጆሮዬ ጋለ። ቢሆንም ንግግራቸው እንዴት ያለ ነበር! እንዲህ የሚናገር ሰው የሚሸጠውን ቅመም እንዴት አልገዛም? አስጠቀለልኩ።

ጨዋ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። እኔ ግን «ምርጫ ማለት አንድ አይቶ መሄድ አይደለም» ብዬ ወይዘሮ ዲንቂቱ ሱቅ ገባሁ። ወይዘሮ ዲንቂቱ የአምቦ ተወላጅ፣ ጴንጤ ናቸው፤ መዝሙር በዝግታ እያንጎራጎሩ ነው የሚሸጡት። ገና ሲያዩኝ «ከሐጂ ዘንድ ነው የመጣኸው» አሉኝ።

«በምን አወቁ?»

«ከንፈርህ አብጧል። ሐጂ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ጌታ ይባርካቸው። ግን ምን ያደርጋል፣ ሥጋው ምን በደለ?»

እሳቸው የሚሸጡት ደረቅ የጥብስ ቅመም ነው፤ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ደርቆ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፣ ሌላም «እሱን አልነግርህም» ያሉኝ ነገር አለበት። ሽታው ሰውን ያሳምናል። እኔም ለመቅመስ አፌን ከፈትኩ። ምላሴ ግን ከሐጂ ዘመዶች ጋር ሥራ በዝቶበት ስለነበር ምንም አልነገረኝም።

«እንዴት ነው?» አሉኝ በጉጉት።

«ግሩም ነው» አልኩ። ምን ልበል? የሴትዮዋ ዓይን እንዲያ እያበራ! እሱንም አስጠቀለልኩ።

ከዚያ ወጥቼ ወደ ቤቴ ሳመራ የቡታጅራው ከድር ከሱቁ በር ላይ ጠራኝ። «ዶክተር! ከሁሉም ገዝተህ እኔን ልትዘለኝ ነው?» ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለብኝ፤ ክትባት የለውም። ገባሁ። ከድር ዱቄት አይሸጥም፤ የሚሸጠው ሚስቱ የምታዘጋጀውን ዳጣ ነው፤ እርጥብ ቃሪያ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተደቁሶ በጠርሙስ የታሸገ። አንድ ማንኪያ ሙሉ አጎረሰኝ። ጉርሻ እምቢ አይባልም። የሆነውን በደንብ አላስታውስም፤ የማስታውሰው «ውሃ!» ማለቴን ብቻ ነው። ከድር ደግ ሰው ነውና ከሁሉ የተሻለውን፣ የአምቦ ውሃ ከፍቶ ሰጠኝ። የአምቦ ውሃ ለበላ ሆድ መድኃኒት ነው፤ ለተቃጠለ አፍ ግን፣ ወገኖቼ፣ አደራችሁን። እያንዳንዱ አረፋ በየፊናው መርፌ ይዞ ገባ። እስከዚያ ቀን የወጋሁት በሽተኛ ሁሉ ተሰብስቦ ብድሩን የመለሰ መሰለኝ።

በዚህ ሁኔታ ሦስት ዓይነት ቅመምና አንድ የሞተ ምላስ ይዤ ቤቴ ደረስኩ። የቱን ልጠቀም? የሐጂን ብቻ ባደርግ ወይዘሮ ዲንቂቱ ነገ ይጠይቁኛል፤ የሳቸውን ባደርግ ከድር በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ሳህን ላይ ገለበጥኩና ለወስኩ። ቀምሼ እንዳልመጥን ምላሴ የለም። ግን ሽታው! እምላለሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አሽትቼ አላውቅም። ሦስቱ ሱቆች ሲፎካከሩ የኖሩት ሳይጋቡ ቀርተው ነው አልኩ። ጎድኑን በሁለት እጄ፣ እንደ አራስ ወገብ፣ አሸሁት። ትንሽ ቀላ ሲለኝ ጨመርኩ። ሲያምርብኝ ደግሞ ጨመርኩ።

ከሰዓት በኋላ ከሰሉን ግቢ ውስጥ አቀጣጥዬ፣ ፍርግርጉን ብረት ጥጄ፣ ጎድኑን አጋደምኩ። ስቡ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ ጢሱ ዓይኔን ቆረቆረኝ። በመዳፌ ጠረግሁት።

ለበሽተኞቼ ሁሉ የምሰጠው አንድ ምክር አለ፦ ዓይንህን ከመንካትህ በፊት እጅህን ታጠብ። ይህንን በኦሮምኛ ሳይቀር ተምሬው ነበር። ያን ዕለት ግን አንዱን ዓይኔን አቃጠልኩና፣ እሱን ለማጠብ በዚያው እጄ ውሃ ዘግኜ ሁለተኛውንም ጨመርኩ። ምድጃው ሥር ተንበርክኬ እንባዬ እየወረደ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ፣ የበሩ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰማሁ። ነጭ ጋቢ፣ ረጅም ዱላ። ኦቦ ደበላ ናቸው።

«አካም ጅርታ?» አሉኝና ቆም አሉ። «አንተ ልጅ! ምን ሆነህ ነው?»

ሚጥሚጣ ነው ልላቸው ነበር። ጉሮሮዬ ግን ገና ከዳጣው አላገገመም። «ሚ... ሚ... ሚ...» አልኩ።

«ሚስቴ ነው የምትለው?»

መናገር ስላቃተኝ ራሴን ነቀነቅሁ። የነቀነቅሁት «አይደለም» ለማለት ይሁን «አዎ» ለማለት እስከ ዛሬ አላውቅም። ኦቦ ደበላ ግን ዱላቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉና አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ያ ከሠርጌ ጀምሮ እንደ ታመመ ወይፈን ሲያየኝ የኖረ ፊት ፈታ አለ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

«አይዞህ ልጄ» አሉኝ። ልጄ! «ወንድ ለሚስቱ ሲያለቅስ አላየሁም ነበር። አይዞህ፣ እግዚአብሔር አለ።»

እንዲህ ያለውን ቃል ማን ያቋርጣል? ዝም ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ወደ ፍርግርጉ ዞሩና አንዱን ጎድን በጣታቸው አነሡ። አገላብጠው አዩት፤ ቀለሙን ወደዱት። ነከሱ። እዚህ ላይ ስለ ኦቦ ደበላ ያለኝን አክብሮት መግለጽ ይገባኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ይተፋው ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን እኔን በዚያው አጥንት ይመታኝ ነበር። እሳቸው አኘኩ። ፊታቸው መጀመሪያ እንደ ከሰል፣ ቀጥሎ እንደ ፍም ሆነ። የግንባራቸው ሥር ተነሣ። እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ቁልቁል ወረደ። አጥንቱን ግን አልጣሉትም፤ እስከ ጫፉ ጋጡት። ሲጨርሱ ወደ ሰማይ ቀና ብለው «ዋቃዮ!» አሉ፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ።

እንግዲህ እትዬ ፅጌ በአጥሩ ቀዳዳ እያየች እንደነበር ማን ያውቃል? ነፍሰ ጡሯ ጫልቱ ጌዶ ናት። አባቷ ከጌዶ መጡ። ባሏ ተንበርክኮ ያለቅሳል። «ሚስቴ» ተባለ። «አይዞህ ልጄ» ተባለ። ሽማግሌው እያነቡ ፈጣሪን ጠሩ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

«ወይኔ ጫልቱ! ወይኔ እህቴን! ሳትወልጂ!» የሚል ጩኸት ከአጥሩ ወዲያ ፈነዳ።

የዚያን ሰፈር ሰው ፍጥነት ባታዩት ይቆጫችኋል። ጩኸቱ አየር ላይ እያለ በሩ ተከፈተ። ነጠላ ያዘቀዘቁ፣ ሻሽ የፈቱ፣ ከቤታቸው በባዶ እግር የወጡ ሴቶች ገቡ። የእድሩ አግዳሚ ወንበር በማን ትከሻ እንደመጣ ሳላይ ግድግዳው ሥር ተደረደረ። ከዳገቱ ላይ ጥሩምባ ተነፋ። ስሜን እንኳ የሚያውቁት የማይመስሉኝ ሰዎች ስሜን እየጠሩ፣ ጫልቱ መቼ ለማን ምን እንዳደረገች፣ የማን ልጅ ሲታመም ማታ ቆማ እንዳደረች እየዘረዘሩ አለቀሱላት። ሐጂ ሸረፋ ሳይቀሩ ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው በሩ አጠገብ ዱዓ ያደርጉ ነበር።

እኔ ግን ይህን ሁሉ ያደነቅሁት ኋላ ነው። በዚያች ሰዓት የሰማሁት «ጫልቱ» የሚለውን ስም ብቻ ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሚያለቅሰው ከእኔ የተደበቀ ወሬ ሰምቶ ነው ብዬ አመንኩ። የሚያቃጥለው ዓይኔ በአንዴ ቀዘቀዘ። ኦቦ ደበላም እንደዚያው። ጠዋት ደህና ትተዋት የመጡትን ልጅ አገር ሲያለቅሳት «ከኋላዬ በስልክ ተነግሮ ነው» ብለው አመኑና «ኢንታላ ኮ! ልጄን!» እያሉ መሬት ላይ ተቀመጡ። እኚያ ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያንሱ ማየት ከሞት አይሻልም።

እንደምንም ተነሥቼ እትዬ ፅጌን ትከሻዋን ያዝኳት። «ማን ነገረሽ? መቼ ሞተች?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ?» አለች እየተንሰቀሰቀች። «እናንተ ናችሁ እንጂ ስታለቅሱ የነበራችሁ!»

«እኔማ... ሚጥሚጣ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው!»

እትዬ ፅጌ እኔን አየች፣ ኦቦ ደበላን አየች፣ ፍርግርጉን አየች። ሄዳ ጣቷን ጎድኑ ላይ አሳርፋ ላሰች። ጥቂት ጠበቀች። ዘመዱ መጣ። «ወይ አንተ!» አለች፤ ከዚያ በኋላ የመጣላት እንባ ከመጀመሪያው የበለጠ ነበር።

ሰው ሁሉ ሊስቅ ቃጣው፤ ግን ኦቦ ደበላ ከመሬት አልተነሡም። «ሰው በከንቱ አያለቅስም» አሉ። «ዓይኗን ያየ ሰው ካልነገረኝ እህል አልቀምስም።» እውነት ለመናገር እኔም እንደሳቸው ነበርኩ። ተደጋግፈን መናኸሪያ ወረድን። የከሰዓቱ የጌዶ አውቶቡስ አቧራውን እየጎተተ ሲገባ ሾፌሩን ገና ሳይወርድ ያዝነው።

«ጫልቱን አይተሃታል? የኔን ልጅ?» አሉት ኦቦ ደበላ።

«ማየት ይባላል እንዴ!» አለ ሾፌሩ በምሬት። «በዚያ ሆዷ መናኸሪያ ድረስ መጥታ፣ አባቴን ጠዋት ጣራው ውሃ በሚያፈስ መኪና ለምን ጫናችሁት ብላ ሰው ፊት ልክ ልኬን ነገረችኝ። የጠዋቱን መኪና የነዳሁት እኔ አይደለሁም ብላት፣ ጭራሽ ያንን ሾፌር ለምን አልመከርከውም ብላ ሁለተኛ ሰደበችኝ።»

«ጮኸች?»

«ጌዶ በሙሉ ሰምቷል!»

«እሷ ናት!» አሉ ኦቦ ደበላ። «ኢንታላ ኮ! እሷ ናት!» ሾፌሩን ከነመሪው አቅፈው ትከሻውን ሳሙት። እኔ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። አማቴ መጥተው አጎነበሱና ፊቴን አዩ።

«አሁንም ሚጥሚጣው ነው?»

«አይደለም» አልኩ።

«እኔም መስሎኛል» አሉና በጋቢያቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ትከሻዬን እንደያዙ ነበር፤ ዱላቸውን አጥሩ ላይ ረስተውት ስለመጡ ነው ብል ማን ያምነኛል?

ለቀስተኛው አልተበተነም ነበር። ለቅሶ ቤት ባዶ እጁን የሚመጣ የለምና አንዱ እንጀራ፣ አንዱ ቆሎ፣ አንዷ ሙሉ ገንቦ ጠላ ይዛ መጥታለች፤ ይህን ሁሉ ተሸክሞ መመለስ ደግሞ ነውር ነው። እትዬ ፅጌ ጎድኑ እንዳያር ስታገላብጥ ቆይታ ኖሮ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ በየእጁ ጎድን ይዟል። ሐጂ ሸረፋ የክርስቲያን ሥጋ አይበሉምና በሩ ላይ ቆመው፣ የሰዉን ፊት በየተራ እያዩ፣ በኩራት ፈገግ ይላሉ። ሁሉም ይበላል፣ ሁሉም ያለቅሳል፣ ሁሉም አፍንጫውን በነጠላው ይጠርጋል። የሚያቆም ግን የለም። «እንዴት ያለ ነገር ነው!» ይላል አንዱ፤ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ደግሞ እጁን ይዘረጋል። ኦቦ ደበላ ገና ሲገቡ ጋቢያቸውን አጣፍተው ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ፤ እኔንም «ከዚህ፣ ከጎኔ» አሉኝ። እሳቸው በያዙት እሳት አጠገብ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

እንዲህ እያለን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከሌላ ቀበሌ የመጡ አንድ አዛውንት በመንገድ ሲያልፉ ልቅሶውን ሰምተው ገቡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው አጠገባቸው የምትንሰቀሰቀውን ሴት ቀስ ብለው «ማን ነው ያረፈው?» ብለው ጠየቋት። አፏ ሞልቶ ነበርና ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ሽማግሌው ከንፈራቸውን መጠጡ።

ኦቦ ደበላ እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና፣ ከፍሙ ላይ የሚያምረውን፣ ስብ ያለውን ጎድን መርጠው ዘረጉላቸው።

«ታኢ፣ ወንድሜ፣ በደንብ ይቀመጡ» አሏቸው። «በመጀመሪያ ይብሉ። ለቅሶው ራሱ ይመጣል።»